ሉሆቹን አንሺልኝ

የኒዕማ ልጅ ነሕላ ዶክተር ሆነች የተባለ ሰሞን ካርቱም፣ ሳጃና ሰፈር ያለ በሽተኛ ሁሉ ሆዱን ይዞ መጣ። እኛ ሰፈር ዶክተር ማለት መርፌ የሚወጋ፣ ክኒን የሚያዝ ነው፤ ሌላ ዓይነት መኖሩን ያወቅነው በእሷ ነው። አንዲት ጎረቤታችን ወገቧን ልታሳያት ሄዳ፣ ነሕላ የምታጠናው የባሕር እንስሳ መሆኑን ስትነግራት፣ «ወገቤ ከዓሣ አንሶ ነው?» ብላ ተቀይማ ተመለሰች። ከዚያ ወዲያ ሰላምታዋ ከአንገት በላይ ሆነ።

እኔ ዛሂራ እባላለሁ፤ የሴት ልብስ ሰፊ ነኝ። የኒዕማና የኔ ቤት በአንድ ግድግዳ ነው የሚለየው፤ እሷ ዘንድ ማንኪያ ሲወድቅ እኔ ዘንድ ይሰማል። ስለዚህ የማወራው የመንደር ወሬ አይደለም። ገሚሱን በዓይኔ አይቻለሁ፣ ገሚሱን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ። ጦርነቱ ከመምጣቱ በፊት በነበረው ዓመት የሆነ ነው።

ኒዕማ የወሎ ሰው ናት፣ የቃሉ ወረዳ። በመተማ አድርጋ ካርቱም ገብታ ዐማራት በሚባለው የሀብታም ሰፈር ሰው ቤት ስትሠራ ዐወደላን አገባች። ዐወደላ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የፖርት ሱዳን መስመር የአውቶቡስ ሹፌር ነበር። ሌላው አባት ለልጁ ከረሜላ ሲያመጣ እሱ ዛጎል ያመጣላት ነበር። አንዱ ዛጎል ውስጥ ሸርጣን ሞቶ ኖሮ ቤቱን እንዳለ አገማው። ኒዕማ ልትጥለው ስትል ሕፃኗ ሙጭጭ አለች። ዐወደላ ሸርጣኑ ቤቱን የሠራው እሱ እንዳልሆነ፣ የሌላ ቤት ባዶ ሲያገኝ እንደሚገባበት ነገራት። ልጅቷ ታዲያ የፊተኛው ባለቤት የት ሄደ ብላ ያዘች። ይኸው ያንን ጥያቄ ስትጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ወጣች፣ ዶክተር ሆነች፤ አሁንም እሱኑ ነው የምትጠይቀው።

ሥራዋ እንዲህ ነው፤ ለኔ እንዳስረዳችኝ እነግራችኋለሁ። ከሩቅ አገር የሚመጣ መርከብ ጭነቱን ብቻ አይደለም የሚያመጣው። ሆዱ ላይ ተጣብቆ፣ በሚሸከመው ውኃ ውስጥ ተደብቆ፣ የሌላ ባሕር እንስሳ ይመጣል። መጤ ወራሪ ዝርያ ይሉታል። አብዛኛው ይሞታል። ያልሞተው ግን የሚበላው ጠላት በአዲሱ ባሕር ስለሌለ ይራባል፣ የአገሬውን ቤት ይይዛል። ነሕላ የምትከታተላት አንዲት ጥፍር የምታህል ጥቁር፣ ባለ ሁለት ክዳን ፍጥረት ነበረች። ይህቺ ፍጥረት ሰደፍ የሚባለው ባለ ዛጎል እንስሳ ግልገል ላይ ትለጠፍና አፉን እንዳይከፍት ታደርገዋለች። እኔ ሰደፍ የማውቀው ቁልፍ ሲሆን ነው፤ የጥሩ ቀሚስ ቁልፍ። ከፖርት ሱዳን በስተ ሰሜን ግን በእሱ የሚኖሩ ዓሣ አጥማጆች አሉ፤ ነሕላ የምትፈራው ጥቁሯ ፍጥረት እነሱ ዘንድ እንዳትደርስ ነበር። ይህን ስትነግረን ኒዕማ ሳቀችና፣ ያለ ወረቀት በድንበር ገብታ የሰው አገር ሰው አግብታ የቀረች እሷም መጤ እንደሆነች ተናገረች። ነሕላ ግን አልሳቀችም፤ በሥራዋ ቀልድ አታውቅም።

ለማጥናት የምታደርገው ነጫጭ የፕላስቲክ ሰሌዳዎችን ወደቡ ውስጥ በገመድ ማንጠልጠል ነው። ወራት ሲያልፍ ባሕሩ ውስጥ የሚንሳፈፈው እንጭጭ ፍጥረት ሁሉ መጥቶ ይሰፍርባቸዋል። ከዚያ ሕይወት እንዳለባቸው በባሕር ውኃ ነክራ፣ ውኃውንም በጀሪካን አስጭና፣ ዐማራት ያለው የጥናት ተቋማቸው ድረስ ታመጣቸዋለች። እዚያ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ያኖሯቸዋል፤ ትንሽ ሞተር አየር ይነፋላቸዋል። በተወሰነ ቀን ፎቶ ይነሳሉ፤ ማን ማንን እንደሸፈነ፣ ማን ማንን እንዳፈነ ፎቶዎቹን አስተያይታ ታውቃለች። ፎቶ የተዘለለ እንደሆነ ወሬው መካከሉ ላይ ተቆረጠ ማለት ነው።

ሰሌዳዎቹን በቢሮው አረብኛ «አልዋሕ» ይሏቸዋል፣ አንዱን «ሎሕ»። ነሕላ ይህን ቃል በአማርኛ ምን እንደሚሉት እናቷን ጠየቀቻት። ኒዕማም የቄስ ተማሪ አይደለችም፤ የምታውቀውን ነገረቻት፦ ሉህ። ወሎ ውስጥ ሉህ ማለት ልጆች ቁርአን የሚማሩበት፣ በቀለም የሚጻፍበት እንጨት ነው። በኋላ ለመጣው ጥፋት ኒዕማም ድርሻ አላት፤ ይህን ስነግራት ተቆጥታኛለች።

የነሕላ አማርኛ እንደ ካርቱም መብራት ነበር፤ ይመጣል፣ ይሄዳል። «ትናንት እመጣለሁ» ትላለች። ወንዱን «አንቺ»፣ ሴቷን «አንተ» ትላለች። ብንስቅባትም አትተወውም። በልጅነቷ ትምህርት ቤት «የሐበሻዋ ልጅ» ስትባል ታፍርበት የነበረ ቋንቋ ነው፤ ካደገች በኋላ ያንን ማፈሯን አፈረችበት መሰለኝ፣ ሐበሻ ካየች በአማርኛ ካልሆነ አትናገርም። ሰውየው አረብኛ አቀላጥፎ ቢናገርም እሷ በአማርኛዋ ትደናቀፋለች። እኔም ብሆን እወድላት ነበር።

እንግዲህ ሙሚና የምትባል የኛው አገር ልጅ ነበረች። ከመጣች ብዙ አልቆየችም። ነሕላ ናት ተቋሙ ውስጥ በጽዳት ያስገባቻት፤ ለዚህ ምስጋና ይገባታል። ተቋሙ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለት ነው፣ አወጣላት። እዚህ አገር ኢቃማ ያላት ሴት ፖሊስ ለከሻ ሲወጣ፣ የውጭ ሰው እየለቀመ ሲጭን ማለቴ ነው፣ ቀጥ ብላ ትራመዳለች። ሙሚና ቀጥ ብላ ትራመድ ነበር። አረብኛዋ የቤት አረብኛ ነው፤ አንሺ፣ አምጪ፣ እጠቢ የሚሏትን ትሰማለች፣ መልሳ መናገር ግን ያንቃታል። የሼኽ ልጅ ናት፤ አባቷ መንደራቸው ውስጥ ቁርአን ያስቀራ ነበር። እዚያ ልጁ ያለበትን ሲጨርስና ሲሃፍዝ፣ በቃሉ ሲይዘው ማለት ነው፣ ሉሁ ይታጠባል። ሉህ አጣቢዋ ሙሚና ነበረች። የታጠበበት ውኃ እግር በሚረግጠው ቦታ አይደፋም።

ያን በጋ ካርቱም ሰልፍ በሰልፍ ነበረች። ሰልፍ ሲኖር ድልድዮቹን በኮንቴይነር ይዘጓቸዋል፣ ኢንተርኔቱንም ያጠፉታል። ነሕላ ሌሎች ሰሌዳዎች ልታመጣ ፖርት ሱዳን ሄዳ ነበር። ፎቶ የሚያነሳው ባለሙያ ሙአየድ የሚኖረው ከወንዙ ማዶ፣ ኦምዱርማን ነው፤ የፎቶው ቀን ሲደርስ ድልድዩ ተዘጋና ቀረ። በዚህኛው ማዶ ያለች፣ በእግሯ ዐማራት መድረስ የምትችል፣ ቁልፍም ያላት ሙሚና ብቻ ነበረች። ነሕላ ደወለችላት። ስልኩ ሲደወል ሙሚና እኔ ሱቅ ቀሚሷን ልትለካ መጥታ ነበር፤ «እሺ፣ እሺ ዶክቶራ» ስትል ሰምቻለሁ። ወዲያ ማዶ የተባለውን አልሰማሁም። ብሰማ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁ።

ሙሚና በጠዋት ሄደች። ሉሆቹን ከገንዳው አንድ በአንድ አነሳቻቸው። ነጩ ሰሌዳ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር፣ ጥቁር ቅርፊት፣ ቀይ እብጠት ለብሶ አየችው። ይህን የመሰለ የተማረ ሰው ሉህ እንዲህ መቆሸሹ አሳዘናት። በሊፋ ፈተገቻቸው። ያልለቀቀውን በማንኪያ ጀርባ ፈቀፈቀች። እስኪያበሩ አጠበቻቸው፤ እጥበቱን ግቢው ውስጥ ካለው የኒም ዛፍ ሥር፣ ሰው ከማይረግጠው ቦታ ደፋችው። ከዚያ ግድግዳ አስደግፋ ፀሐይ አስመታቻቸው። አጠገባቸው የተቀመጠውን ካሜራ የሰው ዕቃ ነው ብላ አልነካችውም፤ አቧራውን በዙሪያው ጠረገች።

ነሕላ ከሰዓት በኋላ ደውላ አንስታላት እንደሆነ ጠየቀቻት። ሙሚናም ሁሉንም አንድ በአንድ፣ ንጹሕ አድርጋ እንዳነሳች ነገረቻት። ነሕላ እጅሽ ይባረክ ብላ መረቀቻት። ይህቺን ምርቃት በኋላ ስታስታውስ ፊቷ አመድ ይመስላል።

ከፖርት ሱዳን ስትመለስ ገንዳው ውኃ ብቻ ነበር። ሞተሩ ባዶ ውኃ ውስጥ አየር እየነፋ ነው። ሰሌዳዎቹ አዲስ እንደተገዛ ሳህን ነጭ ሆነው ተደርድረዋል። ጮኸች አሉ፤ ሰው የሞተባት መስሏቸው ከየቢሮው ወጡ። እውነቷንም ነው። የዓመት ድካሟ፣ የዓሣ አጥማጆቹ ተስፋ፣ ሁሉም ከኒም ሥር ደርቆ ቀርቷል።

የተቋሙ ኃላፊ ዶክተር ጂብሪል በማግስቱ ሁሉንም አዳራሽ ሰበሰበ። ሙቀት ስለነበረ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ሾፌሮቹም ዘበኛውም በረንዳው ላይ ቆመው ያያሉ። ሙሚናን መካከል አቆሟት። ጂብሪል ምን ብለሻት ነበር ብሎ ነሕላን ጠየቃት።

«ሶውሪ ነው ያልኳት» አለች ነሕላ። ፎቶ አንሺ ማለት ነው በአረብኛ።

ሙሚና አንገቷን ነቀነቀች። «ሺሊ ነው ያለችኝ» አለች በዚያች በምታንቃት አረብኛ። ከቦታው አንሺ ማለት ነው።

ዶክቶራዋን ትቶ የጽዳቷን ማን ያምናል? አንዱ አረብኛ የማትሰማ ሰው የተባለችውን በምን ታውቃለች አለ። ሁለቱ በምን ቋንቋ እንደተነጋገሩ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ሙሚና ነሕላን ብቻ ታያለች። የዚያኑ ቀን ከሥራ ወጣች። ነሕላ ያን ሰዓት አልዋሸችም። ለዚህ እኔም እመሰክራለሁ፤ በጭንቅላቷ ውስጥ ያለችው ቃል «ሶውሪ» ነበረች፣ በአፏ የወጣችው ሌላ መሆኗን አላወቀችም።

ያወቀችው ማታ ራት ላይ ነው። እኔም እዚያ ነበርኩ። ኒዕማ የልጇን ዕንባ ስታይ ቆይታ፣ ለሙሚና የነገረቻትን እንዳለችው እንድትደግምላት ጠየቀቻት። ነሕላም እንዳለችው ደገመችው፦

«ሉሆቹን አንሺልኝ። አንድ በአንድ። ንጹሕ አድርገሽ አንሺ።»

ኒዕማ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ አፏን በእጇ ያዘች።

«ፎቶ የምትለዋ ቃል የታለች?»

ነሕላ የጠቀለለችውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ መለሰችው። በአረብኛ ጥርት ያለ ፎቶ «ንጹሕ» ይባል የለ፣ እሷም እሱን ነው ወደ አማርኛ የገለበጠችው። «አንሺ» ለፎቶም እንደሚሆን ከእናቷ ሰምታለች፤ ፎቶ የሚለው ቃል አብሮት እንደሚሄድ ግን ማንም አልነገራት። የሼኽ ልጅ ሉሁን አንሺ፣ ንጹሕ አድርጊ ከተባለች ሌላ ምን ትስማ? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል። ያን ማታ ተረቱን ተናግሬው ነሕላ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀችኝ፤ አስረዳኋት፤ ባላስረዳኋት ይሻል ነበር።

ነገ በጠዋት ሄዳ ትናገራለች ብዬ ነበር። ኒዕማ ናት የያዘቻት። እኔ አዝኜባታለሁ፣ ግን አልፈርድባትም። ዐማራት ውስጥ የሰው ወለል ስትወለውል የኖረች ሴት፣ ልጇ እዚያው መንገድ ላይ ዶክተር ተብላ ወንበር ስታገኝ፣ ያ ወንበር ሲነቃነቅ ማየት አትችልም። አፏን እንድትይዝ፣ ለሙሚና ሌላ የምትሠራበት ቤት እንደሚፈልጉላት ነገረቻት። ነሕላም አፏን ያዘች። አንድ ቀን፣ ሌላ ቀን፣ ከዚያ ሳምንታት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ይህ ተረት የሚጠብቀው ሰው የት እንደሚያድር አይናገርም።

ሙሚና ቤት አጣች። የቤት ሥራ እዚህ የሚገኘው በአፍ ነው፤ አንዷ እመቤት ለሌላዋ ትነግራለች። ጀብራ ሰፈር አንዲት ሴትዮ እሺ ካለቻት በኋላ፣ ዐማራት የዶክተሮች ዕቃ ያጠፋችው ሐበሻ እሷ መሆኗን ሰምታ ከበር መለሰቻት። ኢቃማዋም የተቋሙ ስለነበረ ጊዜው ሲያልፍ የሚያድስላት የለም። ቀጥ ብላ የምትራመደው ልጅ ግድግዳ ግድግዳውን ጥግ ይዛ መሄድ ጀመረች። ዘመድ ቤት፣ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ከልጆች ጋር ትተኛ ነበር።

ነሕላ ይህን ሁሉ ታውቃለች፤ እኔ ነኝ የምነግራት፣ ሆን ብዬ። ቢሮ ውስጥ አዲሷ ጽዳት ስትገባ ወንበሯን ትታ ትወጣለች አሉ። የጠጣችበትን ብርጭቆ ራሷ ታጥባለች። ከስታ ቀሚሶቿን ሁሉ አጥብቤላታለሁ። አንድ ቀን ጥሩ ጨርቅ ይዛ መጥታ ለሙሚና ቀሚስ እንድሰፋላት፣ ከማን እንደሆነ ግን እንዳልናገር ለመነችኝ። ደሜ ፈላ። ጨርቁን መልሼ እቅፏ ውስጥ አስቀመጥኩና የልብስ ቀዳዳ እንጂ የነገር ቀዳዳ እንደማልሰፋ ነገርኳት። አለቀሰች። እኔም አዘንኩ፣ ግን ጨርቁን አልተቀበልኳትም።

ረመዳን ሊገባ ሲል እኛ ወሎዎች አውፍ እንባባላለን፤ ይቅር እንባባላለን ማለት ነው። ሰው ልቡን ሳያጸዳ ጾም አይገባም። ያን ሰሞን ከሰዓት በኋላ ኒዕማ ዘንድ ተቀምጠን ሙሚና መጣች። ሁላችንንም በየተራ ጨበጠችን። ነሕላ ፊት ስትደርስ ሻሿን አስተካከለችና፣ «ዶክቶራ፣ ሥራሽን አበላሽቼብሻለሁ። አውፍ በይኝ» አለቻት።

ነሕላ ነጭ ሆነች። ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ አሁን ልትናገር ነው ብዬ ትንፋሼን ያዝኩ።

«አውፍ ብዬሻለሁ» አለች።

ሙሚና አልተቀመጠችም። እጇን ከነሕላ እጅ ሳታወጣ ትንሽ ቆየች። ከዚያ እጇን ቀስ ብላ ወሰደች፣ ኒዕማን ተሰናበተች፣ ሄደች።

በማግስቱ ነሕላ ሱቄ መጥታ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በአረብኛም በአማርኛም እያደባለቀች፣ «ኻልቲ ዛሂራ፣ ይቅር አልኳት እኮ» አለችኝ። «የበደልኳት እኔ፣ ይቅር ያልኳት እኔ። ወላሂ፣ ሙልጭ ያልኩ ሌባ ነኝ።» ጥፋተኛ መሆኗን ከልቧ ስትናገር ያን ቀን ነው የሰማኋት። እኔም እንባዋን አላበስኩላትም፤ የምታውቂውን ሂጂና ተናገሪ አልኳት።

ሄደች። ለዶክተር ጂብሪል ሁሉንም ነገረችው። ጂብሪል ክፉ ሰው አይደለም። በሩን ዘግቶ፣ ሻይ አስመጥቶ ሰማት። ሲያበቃ፣ ይህ የአንዲት ቃል ነገር መሆኑን፣ ለጥናቱ ገንዘብ ለሚሰጡት ረጂዎችም በድንገት የደረሰ ጉዳት ነው ተብሎ እንደተነገረ፣ በሙሚና ቦታ ሌላ ሴት እንደገባች ነግሯት፣ «መዐለሽ፣ ኸላስ፣ አዲስ ሰሌዳ አንጠልጥዪ» ብሎ፣ አይዞሽ፣ በቃ አለቀ ማለቱ ነው፣ አጽናንቶ ሸኛት። ከቢሮው ስትወጣ ቀለላት። ቀለለኝ ያለችኝ ራሷ ናት፤ ስለ መቅለሏም አፍራ ነው የነገረችኝ።

ቀልሏት ሳለ ሙሚና ዘንድ እንድወስዳት ጠየቀችኝ። ጀብራ፣ ዘመዶቿ ቤት ሄድን። ሙሚና ግቢ ውስጥ ልብስ ታሰጣለች። አልጋ አቅርባ አስቀመጠችን፣ ውኃ ሰጠችን፣ እሷ ቆመች። ነሕላ ቀድማ ያጠናችውን በአማርኛ ተናገረች፤ አንዲት ቃል አልተሳሳተችም።

«ፎቶ እንድታነሺ ነበር የፈለግሁት። አንሺ ብቻ አልኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አውቃለሁ» አለች ሙሚና።

ነሕላ ከመቼ ጀምሮ እንደምታውቅ ጠየቀቻት።

«ከስብሰባው ጀምሮ። ሶውሪ ስትዪ ገባኝ። እዚህ ከተማ ስልክ የያዘ ሁሉ ሶውሪኒ ነው የሚለው፣ እሱን መች አጣዋለሁ። ለካ ፎቶ ማለቷ ነበር አልኩ በልቤ። ግን ይህን በአረብኛ እንዴት አድርጌ ላስረዳ? ማታ ስታስቢው ይገባሻል፣ ነገ ትናገሪያለሽ ብዬ ጠበቅሁሽ።»

«ታዲያ አውፍ በይኝ ብለሽ ለምን መጣሽ?»

ሙሚና የያዘችውን እርጥብ ልብስ ጨምቃ ገመዱ ላይ ጣለች።

«እኛ አገር አውፍ በይኝ የተባለች ሴት፣ አውፍ ብያለሁ፣ አንቺም አውፍ በይኝ ነው መልሷ። ሁለቱም ይባባላሉ። አፍሽ ተይዞብሽ እንደሆነ መንገድ ልጥረግልሽ ብዬ መጣሁ። አንቺ ግን ይቅር አልሽኝና ዝም አልሽ።»

እኔም የዚያን ጊዜ ነው እጇን ነሕላ እጅ ውስጥ ለምን እንዳቆየች የገባኝ፤ አገሬው ሆኜ ሳለ። ነሕላ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ለዶክተር ጂብሪል ተናግሬያለሁ፣ እውነቱን ነግሬዋለሁ አለች ከእጇ ሥር። ሙሚና ማን ማን እንደነበረ ጠየቀች። እሱና እኔ ብቻ፣ በሩን ዘግቶ፣ አለች ነሕላ።

«እኔ የተዋረድኩት በሩ ተከፍቶ ነው» አለች ሙሚና።

ይህን ብላ ወደ ልብሷ ዞረች። ውኃችንን ጠጥተን ወጣን። ሳጃና ስንደርስ ነሕላ ቤቷ አልገባችም፣ እኔ ዘንድ ገብታ ለጂብሪል ደውላ ስብሰባ እንዲጠራላት ጠየቀችው። ምክንያቱን ነገረችው። እሱ አልወደደውም፤ ነገሩ አልፏል አላት። እሷ ካልጠራህ በረንዳው ላይ ቆሜ እጮኻለሁ አለች። ኒዕማ በግድግዳው ወዲያ ሰምታ መጣች፣ ልትከለክላትም አፏን ከፈተች፤ የልጇን ፊት ስታይ ተወችው።

ሙሚና ብቻዬን አልሄድም ስላለች እኔን አስከትላ ሄደች። ያው አዳራሽ፣ ያው ሰው። በሩን ነሕላ ራሷ ከፈተችው፣ ዘበኛውንና ሾፌሮቹን ጠርታ አስገባች። ከዚያ መካከል ላይ፣ ሙሚና ቆማበት በነበረው ቦታ፣ ቆመች። ለሙሚና የተናገረችውን መጀመሪያ በአማርኛ አለችው፣ ከዚያ ቃል በቃል ወደ አረብኛ መለሰችው። ሉሆቹን ከቦታቸው አንሺ፣ አንድ በአንድ፣ ንጹሕ አድርጊ። እንዲህ ነው ያልኳት፣ እሷም እንዲሁ አደረገች፣ አመስግኛታለሁም፤ ሶውሪ አላልኩም፤ ይህን የዚያኑ ማታ አውቄ ዝም አልኩ አለች።

ሙአየድ ፈነዳ። ሳቅ ይዞት ነው። ሌላውም ተከተለው፣ ጂብሪልም ጢሙን እየዳበሰ ሳቀ፣ ዘበኛው ዓይኑ አነባ። የዓመት ጥናት በአንዲት ቃል ታጥቦ ኒም ሥር ፈሰሰ፤ እውነትም ከሩቅ ላለ ሰው ያስቃል። በክፋት አልሳቁም፤ ሙሚናን ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ አይዞሽ አሏት፣ ጂብሪልም ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ጠየቃት። በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ያልሳቁት ሁለት ነበሩ። እርስ በርሳቸውም አልተያዩም።

ሙሚና አመሰገነች፣ ወደዚያ ሥራ ግን አልመለስም አለች። ስሟ ግን ተመለሰ። የተቋሙ አንዲት ሠራተኛ በዚያው ሳምንት እህቷ ቤት ለሥራ ወሰደቻት፤ የዚያ ቤት ሰዎችም ኢቃማዋን አሳደሱላት። ያን ቀን ከተቋሙ በር ስንወጣ ነሕላ ደረሰችብን።

«ሙሚና፣ አውፍ በይኝ» አለቻት። አሁን በትክክል ነው የጠየቀችው።

ሙሚና ተቆጥታ አልነበረም። ብትቆጣ ይሻል ነበር።

«በአፌማ አሁን ማለት እችላለሁ» አለች። «ሳይኖረኝ ብል ግን አላህ ላይ መዋሸት ነው። ሲመጣልኝ እልክልሻለሁ።»

ከዚያ በኋላ ዓመትም ሳይቆይ ጦርነቱ መጣና ሁላችንንም በተነን። ሙሚና በመተማ አገሯ ገባች። ተቋሙ ወደ ፖርት ሱዳን ሸሸ፤ ነሕላም እናቷን ይዛ ሄደች፣ እዚያው ባሕሩ ዳር ሰሌዳዎቿን እንደገና አንጠለጠለች። ጥቁሯ ፍጥረት ወደ ሰሜን መሄዷን በዚህ ጊዜ አረጋግጣለች፤ ዓሣ አጥማጆቹ ጀልባቸውን ከወደቡ ሲያወጡ ሆዱን እንዲፋፍቁ እየዞረች ታስተምራለች። ዓመት ብትቀድም ኖሮ ምን ያህል ሰደፍ ይተርፍ እንደነበር ታሰላለች፤ ያም ጥፋት የኔ ነው ትላለች። እኔ ሳጃና ተመልሻለሁ፤ ግማሹ ቤት ፈርሷል፣ መኪናዬ ግን ትሰፋለች።

ሙሚና በዒድ በዒድ ትደውልልኛለች። ትዳር ይዛለች፣ ልጅ ወልዳለች። ኒዕማን በስሟ ጠርታ ሰላም በይልኝ ትላለች። የነሕላን ስም ጠርታ አታውቅም፣ እኔም አላነሳባትም፤ ይህ በሰው ግፊት የሚመጣ ነገር አይደለም።

የሙሚና ስልክ ቁጥር እኔ ዘንድ እንዳለ ነሕላ ታውቃለች። በየሳምንቱ ትደውልና ስለ ጤናዬ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ስፌቱ ትጠይቀኛለች፤ ያወራነው ካለቀም በኋላ ስልኩን ሳትዘጋ ትቆያለች። እኔም እጠብቃታለሁ። የሙሚናን ቁጥር ስጪኝ ብላኝ ግን አታውቅም።